የቆረጥኩት ድር

ልጆቹ ንገሪን አሉኝ። የወንድሜ የዘለቀ ልጆች ለሙት ዓመቱ ከአዲስ አበባ መጥተው፣ እዚህ አርባ ምንጭ ሴቻ እኔ ቤት ተሰብስበው፣ ስልካቸውን አፌ ላይ ደቅነው፣ «አክስቴ፣ አባባ ከኦቾሎ እንዴት እንደወጣ አንቺ ነሽ የምታውቂው፤ የሕይወት ታሪኩ ላይ እናስገባዋለን» አሉኝ። እኔም «አውሮፕላን በላዩ ሲያልፍ አየና ተከትሎት ሄደ» አልኳቸው። ሳቁ፤ ደስ አላቸው። ትናንት በሰው ሁሉ ፊት አነበቡት።

ውሸት ነው። እውነቱን ለባሌ አልነገርኩም፣ ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም። ፊደል ስላልቆጠርኩ አሁን የልጅ ልጄን አስቀምጬ ነው የማስጽፈው። እጇ ሲቆም አያለሁ፤ ጻፊ እላታለሁ። እናንተ የምታነቡት ስሙኝ። ወንድሜን ከአባቱ ቤት ያስወጣሁት እኔ ነኝ።

ኦቾሎ ደጋ ነው፤ ቤታችን አፋፉ ላይ ነበር። ጠዋት ጉሙ ሲገለጥ አባያ ከታች ቀይ ሆኖ ይታያል፤ እናቴ ዛሬ ሐይቁ አኩርፏል ትል ነበር... ይኸው ደግሞ፤ ወሬ ሳበዛ ከነገሩ እየሸሸሁ ነው።

አባታችን ሸማኔ ነበር። እኔ እፈትላለሁ፣ እሱ ይሸምናል። በዚያ ዓመት ጫኖ ላለ ሰው ሊድሩኝ ተስማሙ። ጫኖ ቆላ ነው፤ ያኔ የወረደ ሁሉ በወባ ያልቃል ይባል ነበር። አባቴ ለአማቾቹ የሚሰጠውን ጋቢ ጀመረ። ጋቢው ሲያልቅ እኔ ልሄድ ነው። እሱ ገበያ በሄደበት ቀን ቢላዋ አነሳሁና የተዘረጋውን ድር ከዳር እስከ ዳር ቆረጥኩት። ራሴ የፈተልኩትን ክር። እንደ ለምለም ሣር በቀላሉ ተቆረጠልኝ።

አባቴ ሲያየው አልጮኸም። ሳምንት ሳይሞላ ግን እናቴ ታማ ወደቀች፤ ያኔ «ጎሜ ነው» አለ። ጎሜ በእኛ አገር የተደበቀ ጥፋት ነው። አጥፊው አውጥቶ ካልተናገረው ቤት ውስጥ ይቀመጥና ሌላ ሰው ላይ ይወጣል። ሽማግሌዎች ተጠሩ። እኛን በተርታ አስቀምጠው አንድ በአንድ ይጠይቁን ጀመር።

ዘለቀ ያኔ አሥራ አምስት ቢሆነው ነው። ያገኘውን ሁሉ እየፈታ የሚያይ ልጅ ነበር። አንዱ ሽማግሌ፣ «ውስጡ ያሉትን ሰዎች ፍለጋ ሬዲዮኔን የፈታው ይኼ አይደል? እስከ ዛሬ ዜና የሚነግረኝ አጣሁ!» አለ። ሰው ሳቀ። አባቴ አልሳቀም።

«ተናገር» አለው።

«አልቆረጥኩም፣ አባዬ።»

ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺስ፣ ልጄ?»

«ፈታይ የፈተለችውን ትቆርጣለች እንዴ?» አልኩ።

ቢላዋውን ያነሳሁት በድንጋጤ ነው ልበል። ይህችን ቃል ግን አስቤ ነው ያልኳት። ተሰልፈን ስንቀመጥ ጀምሮ በልቤ ሳዘጋጃት ነበር። ዘለቀ ዞሮ አየኝ። አወቀብኝ? አላወቀብኝም? ዕድሜ ልኬን ስለዚያ እይታ ሳስብ ኖርኩ፤ አልጠየቅኩትም።

አባቴ፣ «ጥፋትህን እስክታወጣ ደጄን አትርገጥ» አለው። በማግስቱ ጠዋት በእግሩ ከታች መኪና መንገዱ ወዳለበት ወደ ላንቴ ወረደ፤ ከዚያ በጭነት መኪና አዲስ አበባ ሄደ። በሦስተኛው ቀን እናቴ ከመኝታዋ ተነሳች። ሰው ሁሉ «ይኸው፣ ጎሜው ከቤት ወጣ» አለ። እንግዲህ ምን ብዬ ልናገር?

ይህም ሰበብ ነው። እናቴ በዳነች ማግስት መናገር እችል ነበር። በዓመቱ ያው ጫኖ ስዳርም እችል ነበር፤ ሰውዬው ደግ ወጣ፣ ወባውም አልገደለኝ። አልተናገርኩም።

እሱስ? ጋራዥ ገብቶ ብረት አጠበ። ከዚያ አውሮፕላን የሚጠገንበት ቤት ጠራጊ ሆነ፤ እየተማረ ቴክኒሺያን፣ ኋላም አለቃ ሆነ፤ በመጨረሻ የአውሮፕላን ዕቃ የሚሠራ የራሱን ድርጅት አቆመ። አራት ልጅ ወለደ፤ አራቱም ካልተቀመጡ እንጀራ አይቆርስም ነበር። እሁድ እሁድ ይደውልልኛል። «እህት ዓለም፣ ሙዙ ደረሰ?» ይለኛል። እኔም ስለ ሙዝ አወራለሁ።

ትናንት ትልቋ ልጁ ተነሥታ፣ «አባባ ቤት ውስጥ ዕቃ ሲሰበር ‹ማነው?› ብሎ ጠይቆ አያውቅም። ስባሪውን ለቅሞ ይቀመጣል» አለች። ቀጥሎ አብሮት የሠራ ሰው ተነሣ። በእነሱ ሥራ አንድ መፍቻ ከጠፋ አውሮፕላኑ አይነሳም አለ፤ ሞተር ውስጥ ተረስቶ ይሆናልና። «የጠፋብኝ እኔ ነበርኩ። ፈርቼ ዝም አልኩ። አቶ ዘለቀ ሁላችንንም ሰብስበው፣ ‹እኔ ባለሁበት ቤት ማንም በጥፋቱ አይባረርም፤ ብቻ ተናገሩ› አሉ። ተናገርኩ።» ሰው አለቀሰ። እኔ ነጠላዬን አፌ ላይ ያዝኩ። ደግነቱን ሁሉም አወራ፤ ከየት እንዳመጣው የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

የልጅ ልጄ አሁን ብዕሯን አቁማ፣ «እማማ፣ ያ ባይሆን እኮ እዚያ አይደርስም ነበር» ትለኛለች። ጻፊው፤ ግን እኔ አልኩ አትበይ። እሱ በእግሩ ሄዶ የደረሰበትን ለእኔ ቢላዋ አልሰጥም። ራሱን በራሱ የሠራ ሰው ነው ይሉታል፤ ልክ ናቸው። ከአባቱ የለየሁት ግን እኔ ነኝ። ልጆቹን ይቅርታ ልጠይቅ? ይቅር ማለት የሚችለው እሱ ነበር፤ እሱ ደግሞ የለም።

አንድ መጽናኛ ነበረችኝ። አባቴ ድንጋይ ነው፣ ብናገርም አይመልሰውም ነበር እያልኩ እተኛ ነበር። ዘለቀ ኦቾሎን ዳግም የረገጠው ለአባቴ ቀብር ነው፤ ሳይመራረቁ ተለያዩ። ከቀብሩ ብዙ ዓመት በኋላ ላንቴ ለቅሶ ቤት አንድ ሽማግሌ አጠገቤ ተቀመጡ፤ ድሮ የአርባ ምንጭ አውሮፕላን ማረፊያ ዘበኛ ነበሩ። የማን ልጅ እንደሆንኩ ሲሰሙ፣ «አባትሽንማ አውቃቸዋለሁ» አሉኝ። እንደነገሩኝ አባቴ፣ ልጁ አውሮፕላን ቤት ገባ ሲባል ሰምቶ፣ አውሮፕላን ያለበት ሁሉ አንድ ቦታ መስሎት፣ አውሮፕላን በሚያርፍበት ቀን ከደጋ እየወረደ አጥሩ ሥር ይቆም ነበር። ተሳፋሪው ወርዶ ሲያልቅ ለእሳቸው ሁልጊዜ አንድ ቃል ትቶ ይመለስ ነበር፦ «ልጄ ከወረደ፣ ጥፋቱን ሳይናገርም ቢሆን ቤቱ ይምጣ በለው።»