የኤቨርት ጠማማ ጥርስ

ጉንቮር ሊንድሮት ሰው የምታውቀው በጥርሱ ነው፤ ያውም በጀሶ። ጎተንበርግ ከተማ፣ ማዮርና ሠፈር፣ ምድር ቤት ባለች የሥራ ክፍሏ ውስጥ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ሰው ሠራሽ ጥርስ ስትሠራ ኖራለች። የጥርስ ሐኪሞቹ የታካሚያቸውን የአፍ ልክ በሣጥን አድርገው ይልኩላታል፤ ሣጥኑ ላይ ቁጥር እንጂ ስም የለም። እሷ ደግሞ በጀሶው ልክ ጥርሱን ቀርጻ፣ ቀለሙን አመሳስላ መልሳ ትልካለች፤ በቃ። አንዳንዴ ትራም ላይ ፊት ለፊቷ የተቀመጠ ሰው ሲያዛጋ፣ «ይቺ የላይኛዋ የእኔ ሥራ ናት» ትላለች በልቧ። ታዲያ ምን ታደርጋለች? በዚህ አገር የማያውቁትን ሰው ሰላም ማለት እንኳ እንደ ልክፍት ይቆጠራል፤ እንኳን አፍ አፉን ማየት። ስልኳን እየነካካች ትወርዳለች።

ኑሮዋ ግን የሚያስከፋ አይደለም። ሬዲዮዋን ከፍታ ትሠራለች፣ ሐሙስ ሐሙስ የአተር ሾርባዋን ትበላለች፣ እሁድ ከእህቷ ጋር ባሕር ዳር ትንሸራሸራለች። ደስተኛ ሴት ናት። አንድ ነገር ብቻ ይከነክናታል፦ ጥርሷን አፉ ውስጥ ይዞ የሚዞር ሰው አንድ ቀን እንኳ ስለ ሥራዋ ክፉም ደግም ብሏት አያውቅም። ምስጋናውም ወቀሳውም ሐኪሙ ዘንድ ደርሶ እዚያው ይቀራል።

ባለፈው የካቲት ግን ለየት ያለ ሣጥን መጣላት። የላከላት ቶርኬል ነው፤ ሃያ ዓመት አብራው የሠራችው፣ እጁ ጥሩ፣ አፉ ደግሞ ከእጁ የፈጠነ የጥርስ ሐኪም። ታካሚው ከዶንሶ ደሴት የመጣ ኤቨርት የሚባል ጡረተኛ ዓሣ አጥማጅ ነው። የላይ ጥርሶቹ ካለቁ አሥራ አምስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ እስካሁን የሚወልቅ ጥርስ ነበር የሚያደርገው። አሁን ቶርኬል መንጋጋው ውስጥ ስድስት የቲታኒየም ሥሮች ተክሎለታል፤ በነሱ ላይ በብሎን የሚታሰረውን ጥርስ መሥራት የጉንቮር ድርሻ ሆነ። ቶርኬል ከሣጥኑ ጋር የኤቨርትን የወጣትነት ፎቶ፣ ፊቱን ብቻ ቆርጦ፣ «ራሱን አስመስዪው» ከሚል ማስታወሻ ጋር ልኮላታል። ፎቶው ላይ ከፊት ጥርሶቹ አንዱ ጠመም ብሎ ጎረቤቱ ላይ ተደርቧል።

ጥርስ ቀጥ አድርጎ መደርደር ማንም ይችላል፤ ፋብሪካም ይችላል። ጠማማ ጥርስ፣ ያውም ሲያዩት በተፈጥሮው የጠመመ እንዲመስል አድርጎ መሥራት ግን የባለሙያ ሥራ ነው። ጉንቮር በዚያች አንዲት ጥርስ ላይ ዘጠኝ ቀን ፈጀች። ሦስቴ ሠርታ ሦስቴ አፈረሰች። በአራተኛው እጇን ጠርጋ ቁጭ አለችና ብቻዋን ሳቀች። እንደዚያ ቀን በሥራዋ ኮርታ አታውቅም።

ቶርኬልም ኮርቷል። ኅዳር ላይ የሰው ሠራሽ ጥርስና የጥርስ ተከላ ባለሙያዎች ማኅበር ዓመታዊ ጉባኤውን ሲያደርግ ኤቨርትን ይዞ ሊቀርብ ተመዘገበ። ይህ ማኅበር አንድ የቆየ ልማድ አለው። በሁለተኛው ቀን፣ ከምሳ በፊት፣ አንድ ታካሚ መድረክ ላይ ወጥቶ ማይክ አጠገብ አፕል ይገምጣል። ሦስት መቶ የጥርስ ሐኪም ትንፋሹን ውጦ ያዳምጣል። «ቀርጨጭ» ሲል አዳራሹ በጭብጨባ ይናጋል። ከዚያ ሊቀመንበሯ፣ «ቅሬታ ያለው አለ?» ብላ ትጠይቃለች፤ ሁሉም ይስቅና ወደ ምሳው ይሄዳል። ለዚህች ጥያቄ እስከ ዛሬ መልስ የሰጠ የለም።

ቶርኬል ጉንቮርን በእንግድነት ጋበዛት። ጥርሷን ያደረገ ሰው በአካል ልታገኝ ነው! ለዚህ ቀን ብላ አዲስ ሹራብ ገዛች።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት፣ አዳራሹ ባዶ ሳለ፣ ቶርኬል ፎቶዎቹን በትልቁ ስክሪን ላይ ሲሞክር ጉንቮር የቀረፋ ዳቦዋን እየገመጠች ከኋላው ቆማ ነበር። የኤቨርት ፎቶ መጣ፤ ይህኛው ሳይቆረጥ ሙሉው ነው። ወጣቱ ኤቨርት ጀልባው ፊት ቆሞ ይስቃል። ጉንቮር ጀልባዋ ላይ የተጻፈውን ስም ልታነብ ሞከረች፤ አልተነበበላትም። እንደገና አየችውና ክው አለች። ፊደሎቹ በመስተዋት እንደሚታይ ጽሑፍ ዞረዋል።

«ቶርኬል፣ ይሄ ፎቶ ተገልብጧል።»

«የቱ ጋ? ሰውየው በእግሩ ቆሞ የለ እንዴ!»

«ግራና ቀኙ ነው ያልኩህ! እስቲ የጀልባዋን ስም አንብበው።»

ቶርኬል ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ጥቂት ታገለ። «የኤቨርት ልጅ የድሮውን ፊልም ኮምፒውተር ላይ ሲያስገባ በጀርባው አስገብቶት ይሆናል» አለ በመጨረሻ።

«እኔ ደግሞ ጥርሱን በቀኝ ሠራሁት። የነበረው በግራ ነው! ዘጠኝ ቀን ለፍቼ በተሳሳተው በኩል!»

«ስሚኝ። ሰውየው ስምንት ወር በላበት። ትንፍሽ አላለም። ሚስቱም ምንም አላለች። ሆድ ይፍጀው በይና ተይው።»

«እነሱ ያላወቁ ይመስልሃል?»

«እኔ የሚመስለኝ ከሁለት ሰዓት በኋላ ሦስት መቶ ሰው ፊት እንደምቆም ነው፤ የንግግሬም ርእስ ‹ራሱን የመሰለ› ነው። ምን አድርግ ነው የምትዪኝ?»

ጉንቮር የኋላው ረድፍ ላይ ሄዳ ተቀመጠች። ብትናገር ቶርኬልን በባልደረቦቹ ፊት ታዋርደዋለች፤ በዕድሜዋ አንዴ የምታገኘው ባለ ጥርስም መጀመሪያ የሚሰማው ስሕተቷን ይሆናል። ዝም ብትል ደግሞ ሰውየው የራሱ ያልሆነ ሳቅ ይዞ መኖሩ ነው። አዲሱ ሹራብ አንገቷን በላት።

ሰዓቱ ደርሶ ኤቨርት ወደ መድረኩ ወጣ። ሰፊ ትከሻ፣ መቅዘፊያ የሚያክል እጅ። ሚስቱ ዮርዲስ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠች። ኤቨርት አፕሉን በአንድ ንክሻ እኩል አደረገው፤ ጭማቂው አገጩ ላይ ወረደ። ጭብጨባው ቀለጠ። ጉንቮርም ሳታስበው እጇ እስኪግል አጨበጨበች፤ የሠራችው ነገር ሲሠራ በዓይኗ ስታይ የመጀመሪያዋ ነው።

«ቅሬታ ያለው አለ?» አለች ሊቀመንበሯ፣ ወረቀቷን እየሰበሰበች።

«እኔ አለኝ» አለች ጉንቮር።

ሦስት መቶ አንገት ወደ ኋላ ዞረ። ጉንቮር ተነሣች። «ጥርሱን የሠራሁት ቴክኒሻኗ ነኝ። ፎቶው ተገልብጦ ነበር፣ እኔም ሳላጣራ ሠራሁ። የኤቨርት ጠማማ ጥርስ በግራ ነበር፤ እኔ በቀኝ አደረግኩበት። ጥፋቱ የቶርኬል አይደለም። ኤቨርት፣ ይቅርታ አድርግልኝ።»

ቶርኬል እስከ ጆሮው ቀላ። ኤቨርት ግን አፕሉን እያኘከ፣ «እኔ ምን ቸገረኝ!» አለ። «ዓሣ እንደሆነ ጥርሴን አይቶ አይመጣ። ጥሩ ነው፣ ተይው።»

ሰዉ ተንፈስ ብሎ ሳቀ። አንዳንዱ ለምሳ መነሣት ጀመረ።

«አይ፣ ጥሩስ አይደለም» አለች ዮርዲስ።

ድምፅዋ ትንሽ ነበር፤ ማይኩ ግን ቅርብ ነው። የተነሡት መልሰው ተቀመጡ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ምን ሆንሽ?» አላት ኤቨርት።

«አንተ ብላ። እኔ ለእሷ ነው የምናገረው።» ወደ ጉንቮር ዞረች። «አርባ ስምንት ዓመት ማዕድ ላይ የምቀመጠው በግራው ነው። ሲስቅ ያቺ ጥርስ ወደ እኔ ብቅ ትል ነበር። ጥርሶቹ ሲያልቁ እሷም ሄደች፤ አሥራ አምስት ዓመት ናፈቀችኝ። አሁን መጣች፣ ግን በወዲያ በኩል። የሚስቀው ለመስኮቱ ነው።»

«ስምንት ወር ሙሉ ለምን ሳትነግሩን ቀራችሁ?» አለ ቶርኬል።

«ሰው የለፋባት መሆኗ ያስታውቃላ። የለፋን ሰው እንዴት ያስከፉታል? አፈርን» አለች ዮርዲስ። «አሁን ራሷ ካነሣችው ግን… እባክሽ በግራ አድርጊልኝ።»

ቶርኬል ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ። «ማክሰኞ ብሎኖቹን ፈትቼ እልክልሻለሁ፣ ጉንቮር» አለ። ከዚያ ሳቁ አመለጠው፤ አዳራሹም አብሮት ሳቀ።

ጉንቮር ግን እሱን አልጠበቀችውም። በወንበሮቹ መካከል ወርዳ፣ መድረኩ ላይ ወጥታ፣ «አፍህን ክፈት እስቲ» አለችው ኤቨርትን። እሱም አፕሉን ዋጥ አድርጎ እንደ ሕፃን ከፈተ። ዮርዲስ ቦርሳዋን ጥላ መጣችና ጣቷን ወደ ግራው ዘረጋች። «እዚህ ጋ። ከዚያኛዋ ትንሽ ወጣ ያለች። ጫፏ ደግሞ ሸረፍ ያለ ነበር፤ ጠርሙስ ሲከፍትባት ነው።»

«በስንት ያህል?»

«የሩዝ ፍሬ ግማሽ ቢሆን ነው።»

ጉንቮር ጻፈች። እሷ የሠራችውን ጥርስ አንዲት ሴት እንዲህ ነው፣ እንዲያ ነው እያለች ስታርምባት፣ ሠላሳ አራት ዓመት የጠበቀችው ይህንን እንደነበር ገባት፤ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

«ብቻ አደራሽን፣ በጣም እንዳታሳምሪያት» አለች ዮርዲስ።

«ግድ የለሽም» አለቻት ጉንቮር። «እንደ ድሮዋ አበላሻታለሁ።»