የዘንዶው ሽማግሌዎች

ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ወደ ፒያሳ ሽቅብ ሲወጣ፣ በጫማ ማደሻና በስልክ ሽፋን መሸጫ መሃል የተሸጎጠች፣ ባለቤቱ ከተቀመጠ ደንበኛው በር ላይ የሚቆምባት ሱቅ አለች። የዑዘይር ሱቅ ናት። ዑዘይር ማህተም ቀራጭ ነው። የማኅበር፣ የእድር፣ የነጋዴ ማህተም ይቀርጻል፤ ቀለበት ላይም ስም ይጽፋል። አርባ ዓመት ሊሞላው ሁለት ቀርቶታል፤ አንገቱ ከማቀርቀር ብዛት ጎበጥ ብሏል። ከሰኞ እስከ ዓርብ የሚናገረው ቃል ቢሰበሰብ አንድ ማህተም ላይ ተጽፎ ቦታ ይተርፋል። ቅዳሜ ከሰዓት ግን የአንድ ዓለም ባለቤት ስለሚሆን አፉ ይፈታል።

ዓለሙ ዘጠኝ ወንዝ ይባላል። የሚገኘው በእትዬ የሺዓለም ኬክ ቤት፣ ከባንኮኒው ጀርባ ባለችው ክብ ጠረጴዛ ላይ ነው። ጨዋታው አስቸጋሪ አይደለም። ዑዘይር አጫዋች ነው፤ አገሩን፣ አውሬውን፣ ባላገሩን እሱ ይተርካል። ሌሎቹ ደግሞ እያንዳንዳቸው አንድ ሰው ሆነው እዚያ ዓለም ውስጥ ምን እንደሚያደርጉ ይናገራሉ። ይሳካ አይሳካ የሚያጠራጥር ነገር ሲመጣ ጠጠር ይጣላል። ጠጠሩን ዑዘይር ራሱ ከበሬ ቀንድ ቀርጾታል፤ ሃያ ገጽ አለው፣ በየገጹም የግዕዝ ቁጥር ተጽፎበታል። ሲያዩት ያምራል። ትንሽ ስለሚያጋድል ግን ሰባት ላይ መውደቅ ይወዳል። ይህን ከቀራጩ በቀር ጠረጴዛው ላይ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ የሚነግረው ግን የለም።

ተጫዋቾቹ ሦስት ናቸው። ማክዳ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ትሠራለች፤ የሰው እስክሪብቶ ተሳስታ ብትወስድ እንቅልፍ የማይወስዳት ሴት ስትሆን በጨዋታው ግን የለየላት ሌባ ናት። ዘርዓብሩክ አምስት ኪሎ ጂኦግራፊ ያስተምራል፤ በጨዋታው ጦረኛ ቢሆንም ሰይፉን የሚመዘው መጀመሪያ ወንዙ በዚያ በኩል ሊፈስ እንደማይችል አስረድቶ ነው። ሦስተኛዋ የቤቱ ባለቤት እትዬ የሺዓለም ናቸው። መጀመሪያ ሻይ ሊያቀርቡ መጥተው፣ ተጫዋቾቹ የአንድ ባላገር ቤት ሰብረው ሲገቡ ቢሰሙ “በሩን ለምን አታንኳኩም፣ ሰው ቤት እንዲህ ይገባል?” ብለው ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት ወንበር ስበው ተቀመጡ። ጠንቋይ ይሁኑ ቢባሉ የንስሐ አባቴ ምን ይሉኛል ብለው እምቢ ስላሉ፣ ስማቸው ተለውጦ ቅጠል በጣሽ መድኃኒተኛ ሆኑ።

ዑዘይር በአንድ ነገር ይኮራል። የእሱ ዓለም ክፍት ነው። ሌላ ቦታ አጫዋች የሚባለው ተጫዋቾቹን እንደ በግ እየነዳ ወዳዘጋጀው ድግስ ያስገባቸዋል፤ እሱ ግን ጨዋታውን ሁልጊዜ “መንገዱ የእናንተ ነው፤ ወዴት ትሄዳላችሁ?” ብሎ ይጀምራል። በአፉ እንዲህ ይበል እንጂ በሆዱ እሱ ወደሚፈልገው እንዲሄዱለት ይጸልያል። ጸሎቱ ደግሞ አይሰምርም። ውኃ የዋጠው ከተማ ብሎ አንድ ወር ሲያዘጋጅ፣ ሦስቱ ተጓዦች አምባ ሰንበሌጥ በምትባል መንደር ላይ በቅሏቸው ሞተችና የከተማውን ነገር ረስተው እድር አቋቋሙ። እትዬ የሺዓለም ሰብሳቢ፣ ዘርዓብሩክ ጸሐፊ፣ ሌባዋ ማክዳ ገንዘብ ያዥ ሆነው ተመረጡ። እድሩ ማህተም ያስፈልገዋል ብለውም ስለወጠሩት፣ ዑዘይር እያጉረመረመ “የአምባ ሰንበሌጥ መረዳጃ እድር” የሚል የእውነት ማህተም ቀረጸላቸው። እስከ ዛሬ እትዬ የሺዓለም መሳቢያ ውስጥ አለ።

ዘንዶው የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ዑዘይር ስድስት ወር ለፍቶበታል። ከመንደሩ በላይ ባለው ተራራ ላይ ወርቅ ክምር ላይ ተቀምጦ፣ የመንደሩን ምንጭ ዘግቶ የያዘ ዘንዶ ነው። እድሩ ራሱ ውኃ ስለተጠማ ተጓዦቹ በዚህኛው ጊዜ እምቢ የሚሉበት መንገድ አልነበራቸውም። ዋሻው ደጃፍ ሲደርሱ ዑዘይር ድምፁን ዝቅ አድርጎ መተረክ ጀመረ። ዘንዶው ከወርቁ ላይ ራሱን ቀና አደረገ፤ መነጽሩን ወደ አፍንጫው ጫፍ ዝቅ አድርጎ ከላይ ተመለከታቸው።

ማክዳ ዘንዶ መነጽር አለው ወይ ብላ ጠየቀች። ዑዘይር ያረጀ ዘንዶ ነው ብሎ ቀጠለ። ዘንዶው ጉሮሮውን ሁለት ጊዜ ጠረገና “እስቲ መጀመሪያ እንመዝነው” አለ።

ሦስቱ ተያዩ። ጉሮሮውን ሁለት ጊዜ ጠርጎ፣ በመነጽሩ ላይ አሻግሮ እያየ እስቲ መጀመሪያ እንመዝነው የሚል ሰው ፒያሳ ውስጥ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ወርቅ ሠሪው ሱሀይብ፣ የዑዘይር ታላቅ ወንድም ነው።

ወንድማማቾቹ ከተነጋገሩ ሦስት ዓመት አልፏል። ድሮ በአባታቸው በጋሽ ሙሄ ወርቅ ቤት አንድ ላይ ይሠሩ ነበር፤ ሱሀይብ ከፊት፣ ዑዘይር ከጓዳ። የዘጠኝ ወንዝ የመጀመሪያው ካርታ አራት ዓመት የተሳለው እዚያ ጓዳ ነው። አንድ ብርዳም ጠዋት ሱሀይብ ጠረጴዛ ላይ ያገኘውን የወረቀት ጥቅል አንስቶ የማቅለጫውን ከሰል አቀጣጠለበት። ዑዘይር ሲደርስ ዘጠኙም ወንዝ ጢስ ሆኗል። መሣሪያውን ሰብስቦ ወጣ። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይባላል፤ እነዚህ ሁለቱ ግን በኩርፊያ ከአንድ ድንጋይ የተጠረቡ ናቸው። በዒድ ቀን እናታቸው ወይዘሮ ሸፊቃ ቤት በሁለት ጥግ ተቀምጠው፣ “ጨውን አቀብለኝ በይው” እየተባባሉ በእናታቸው በኩል ይመገባሉ። ዑዘይር ወንድሙ ይናፍቀዋል። ለሰው ግን ተናግሮት አያውቅም።

እንግዲህ ግመል ሰርቆ አጎንብሶ ማለት ይህ ነው። ስድስት ወር ሙሉ ዘንዶ አሳመርኩ ሲል የገዛ ወንድሙን ክንፍ ተክሎለት ሊያስገድል ነበር። እሱ ራሱ ግን በዚያች ሰዓትም አልነቃም።

ዑዘይር፣ ዘርዓብሩክ ሰይፉን እንዲመዝ እየጠበቀ ሳለ፣ እትዬ የሺዓለም እጃቸውን አነሱ። መገደል የሚባል ነገር እንደሌለ፣ የተቀየመ ፍጥረት ሽማግሌ እንደሚላክበት፣ እድሩም ለዚህ ሦስት ሰው እንደመረጠ አስታወቁ። ዑዘይር ተቃወመ፤ ዘንዶ ሽምግልና አያውቅም፣ የትም አገር ታይቶ አይታወቅም አለ።

“መንገዱ የእናንተ ነው አላልክም?” አሉት።

ብሏል። አወጣ አወረደና በመጨረሻ ለጠጠሩ ሰጠው፤ ከስድስት በላይ ከወጣ ዘንዶው ይሰማችኋል አላቸው። ማክዳ እንዳትስቅ ቦምቦሊኖ ጎረሰች። ጠጠሩ ተንከባለለ፣ ስኒውን ዞረና ሰባት ላይ አረፈ።

እትዬ የሺዓለም ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ወደ ዘንዶው ሳይሆን ወደ ዑዘይር ዓይን እያዩ ጠየቁ። “ልጄ፣ ምን አስቀየመህ?”

ዑዘይር ደብተሩን ገለጠ። የዘንዶው ጥፍር ርዝመት ተጽፏል፤ የእሳቱ ርቀት ተጽፏል፤ ምን እንዳስቀየመው ግን አልተጻፈም። ሌላ ጊዜ ቢሆን እዚያው ፈጥሮ ይናገር ነበር፤ ለባላገሩም ለንጉሡም ለበቅሎዋም እንዲያ ነው የሚያደርገው። አሁን አፉን ቢከፍት የወንድሙ ድምፅ ይመጣበታል፤ ከዚያ ድምፅ ኋላ ያለውን ሐሳብ ግን አያውቀውም። ሦስት ዓመት ሙሉ እኔ ተበደልኩ ሲል ያኛው ምን እንደሚል አንድ ቀን አላሰበም። ጆሮው ጋለ። “እኔ አላውቅም” አለና ደብተሩን ዘጋ። ከጠረጴዛው ተነሥቶ ሲወጣ ማንም ሙድ አልያዘበትም።

ማክሰኞ ዕለት ሱቁን ዘግቶ ሽቅብ ወጣ። ወርቅ ቤቱ ደጃፍ ላይ ሦስት ጊዜ አልፎ ተመልሶ በአራተኛው ገባ። ሱሀይብ ሚዛኑ ላይ አቀርቅሮ ነበር። ጉሮሮውን ሁለት ጊዜ ጠረገ።

“ብቻህን ነው የመጣኸው?”

“ብቻዬን ነኝ።”

“ሦስት ዓመት ሙሉ ሽማግሌ ስጠብቅ ብቻህን ትመጣለህ? አባባ ቢሰማ ምን ይላል? ሂድና ሰው ይዘህ ና።”

ዑዘይር ወጣ። በደንቡ ከሄድን ተባረረ ማለት ነው፤ ነገር ግን ቁልቁል ሲወርድ ልቡ ቀሎት ነበር። ወንድሙ ከጨውና ከዒድ ውጭ ያን ያህል ካናገረው ስንት ጊዜው ነው። በቀጥታ ኬክ ቤት ገብቶ ለእትዬ የሺዓለም ዘንዶው ሽማግሌ ይፈልጋል ብሎ ነገራቸው። እሳቸውም ነቄ ብለው ስለከረሙ ማንኛው ዘንዶ ብለው አልጠየቁትም።

ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለቀብር ካልሆነ የማይዘጋው ኬክ ቤት ተዘጋ። እትዬ የሺዓለም የበዓል ነጠላቸውን፣ ዘርዓብሩክ የምረቃ ቀን ክራቫቱን አደረጉ። ማክዳ ቁጥርና ቀን ያለው ደብዳቤ ጽፋ አመጣች፤ ከግርጌው የእድሩ ማህተም አርፎበታል። ዑዘይር በደንቡ መሠረት ከኋላቸው አንገቱን ደፍቶ ተከተለ።

ሱሀይብ ወንበር ሳበላቸው። ጉዳያቸው ሳይፈጸም እንደማይቀመጡ ተናግረው ደብዳቤውን ሰጡት። መነጽሩን ዝቅ አድርጎ ሁለት ጊዜ አነበበውና ይህ አምባ ሰንበሌጥ የሚባለው በየት በኩል እንደሆነ ጠየቀ። ዘርዓብሩክ ወንዞቹን መቁጠር ሲጀምር እትዬ የሺዓለም አቋረጡት። ወንድምህ ዘንዶ አድርጎ ሠርቶሃል፣ ልንገድልህ ነበር፣ ኋላ ግን ሽማግሌ ብንልክ ይሻላል አልን ብለው በቅጡ አስረዱት።

ሱሀይብ ዘንዶው የተቀመጠበት ወርቅ ስንት ካራት እንደሆነ ጠየቀ። ዑዘይር ከኋላ ሆኖ ሃያ አንድ አለ። ሱሀይብ ራሱን ነቀነቀ፤ ቅር ያለው አይመስልም።

እትዬ የሺዓለም ያንኑ ጥያቄ አነሡ። “ልጄ፣ ምን አስቀየመህ?”

ሱሀይብ መነጽሩን አወለቀ። ያለ መነጽር ቁርጥ አባቱን መሰለ። “አራት ዓመት እዚች ጓዳ ውስጥ ሲስል ምንድነው ብዬ ብመጣ በክንዱ ይሸፍነዋል” አለ። “እኔ ያቃጠልኩት ወረቀት ነው። ካርታ መሆኑን ከሰው ነው የሰማሁት። የፒያሳን ሰው ሁሉ ሰብስቦ ሲያጫውት፣ አንተስ ና ተጫወት ያለኝ የለም።”

ዑዘይር ዓለሙ ለሁሉ ክፍት ነው ሲል የኖረ ሰው ነው። ሽማግሌዎቹን አልፎ ሄዶ የወንድሙን ጉልበት ሊስም ጎንበስ ሲል ሱሀይብ በመሃል ያዘውና ትከሻውን ሳመው። ሁለቱም አለቀሱ፤ ማክዳም አለቀሰች። ዘርዓብሩክ ብቻ አቧራ ገባብኝ አለ። ሽማግሌዎቹ ያን ጊዜ ተቀመጡ።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ወንበሮቹ አምስት ናቸው። ሱሀይብ የመጀመሪያ ቀን ሲመጣ ሚዛኑን በኮቱ ኪስ ይዞ ነበር። ጠጠሩን ሲሰጡት አልጣለውም፤ በጣቱ አዟዟረው፣ መዘነው፣ ከዚያ በመነጽሩ ላይ አሻግሮ ወንድሙን አየው።

“ይሄ ያጋድላል” አለ። “ሰባት ላይ ነው የሚወድቀው።”

ዑዘይር ማክዳን አየ፣ ዘርዓብሩክን አየ፣ ከስድስት በላይ ያለበት ቀን ትዝ አለው። እትዬ የሺዓለም የሌለ ፍርፋሪ ከጠረጴዛው ላይ ይጠርጉ ጀመር። ሱሀይብ ሞረዱን አውጥቶ ላስተካክለው ወይ ብሎ ጠየቀ።

“ተወው” አለው ዑዘይር። “ይልቅ ወዴት ትሄዳለህ?”