ሶርሳ ያልጠረጠረው መርፌ

ጂንካ ውስጥ የብረት በር ያሠራ ሰው ሁሉ ሶርሳን ያውቀዋል። እጁ ወርቅ ነው፤ እሱ የበየደው በቀላሉ አይላቀቅም። ሰውን ግን አያምንም። ብረት ሲገዛ ሻጩ ፊት ጎንበስ ብሎ ያሸተዋል፣ በጣቱ ውፍረቱን ይለካል፣ ከዚያም የሻጩን ዓይን ያያል። ደንበኛ «ነገ እመጣለሁ» ሲለው «የትኛው ነገ?» ይላል።

ይህ ጠባይ ከልጅነቱ ጀምሮ አብሮት ያደገ ነው። መንግሥት በተለወጠበት ዓመት፣ እሱ ገና ጥርሱን እየነቀለ ሳለ፣ አባቱ «ሃና ከተማ ሥራ አለ አሉ፤ ትንሽ ሠርቼ እመለሳለሁ» ብለው ከአሪ መንደራቸው ወጡ። ተመለሱም። የተመለሱት ግን ሊሰናበቱ ነበር። ለካስ ሃና ላይ ሌላ ጎጆ ቀልሰው፣ ሌላ ሚስት አግብተው ኖሯል። እናቱ አላለቀሱም። «ሊሄድ ሲል ሸሚዙን ደጋግሞ ሲያጥብ ማወቅ ነበረብኝ» አሉ። ሶርሳ ያችን ቃል ያዛት። ሰው ከመራቁ በፊት ምልክት ያሳያል፣ ምልክቱን ያላየ ይታለላል ብሎ አደገ።

ሚስቱ ምህረት ከሳውላ መጥተው ጂንካ የከተሙ ነጋዴዎች ልጅ ናት። የተዋወቁት ቤተ ክርስቲያን፣ መዘምራን ውስጥ ነው። ድምፅዋ የሚያምር ሆኖ ሳለ ሁልጊዜ ከዳር ትቆማለች፤ ግራ ጉንጭዋንም ወደ ግድግዳው ትመልሳለች። ትንሽ ልጅ ሳለች የጥርሷ ሥር መግል ይዞ በጉንጭዋ በኩል ፈንድቶ ነበር። ቁስሉ ሲድን የጣት ጫፍ የሚያስገባ ጎድጓዳ ትቶባት ሄደ። ሶርሳ ስለ ጎድጓዳው አንድ ቀን እንኳ ክፉ ተናግሯት አያውቅም። በጎም ተናግሯት አያውቅም። እንዳላዩ ማለፍ ደግነት ይመስለው ነበር።

በሁለት ሺህ አሥራ አራት ዓመተ ምሕረት ምህረት «አዲስ አበባ ያለችው እህቴ ታማለች» ብላ ሄደች። ከሳምንት በኋላ ስትመለስ ሶርሳ ሊቀበላት ወጣ። ገና ከሩቅ ሲያያት አንድ ነገር ደስ አላለው። ምን እንደሆነ ግን ሊለየው አልቻለም።

«ወፈርሽ እንዴ?» አላት።

«እህቴ ስትቀልበኝ ከርማ ነው።»

«የታመመችው እህትሽ?»

ምህረት ሻንጣዋን አነሳችና ቀድማው ሄደች።

ከዚያ ወዲህ ሶርሳ ምልክት መልቀም ጀመረ። ምህረት አፏን በእጇ ሳትሸፍን ትስቃለች። በመዘምራኑ መካከል ትቆማለች። ፎቶ ሲነሡ ፊቷን አታዞርም። ጎድጓዳው የት ገባ? ሶርሳ ይህን ጥያቄ በትክክል ጠይቆት አያውቅም። ጉንጯ መሙላቱን አይቷል፤ ምቾት ነው ብሎ አልፎታል። የከነከነው ደስታዋ ነው። ሚስቱ ዓይኑ እያየ ቆንጆ ሆነችበት፤ እሱም «ለማን ብላ ነው?» እያለ ያድር ጀመር።

ዓመት ሲያልፍ ነገሩ ተገለበጠ። ምህረት መሳቅ ቀነሰች፣ መስታወት ፊት ቆማ ጉንጯን ትዳስሳለች፣ ስልክ ሲደወልላት ወደ ጓሮ ትወጣለች። አንድ ቀን ሶርሳ ከቆርቆሮው አጥር ወዲያ ሆኖ ሰማት። «እሺ እመጣለሁ» አለች። «እሱ አያውቅም።»

ለማ የሚባል ባጃጅ የሚነዳ ጓደኛ አለው። «ሚስቴ ከቤት ስትወጣ የት እንደምትገባ እይልኝ» አለው።

«ሶርሳ፣ ይሄ ጥሩ አይደለም» አለ ለማ።

«ጥሩ ነው አላልኩህም። እይልኝ ነው ያልኩህ።»

በማግስቱ ጠዋት ለማ ወርክሾፑ ድረስ መጣ። «ሽታዬ ፀጉር ቤት ገብታለች» አለው። «ከሷ በፊት ደግሞ አንድ ሰው ቦርሳ ይዞ ገብቷል። የዚህ አገር ሰው አይደለም፤ ጫማውን አቧራ አልነካውም። በሩን ዘግተው መጋረጃውን ጋርደውታል።»

ሶርሳ የብየዳ መነጽሩን አውልቆ ጣለና ባጃጁ ላይ ወጣ። ከፀጉር ቤቱ ማዶ ቆመው ጠበቁ። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የወጣው ሰውየው ነው፤ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ፣ ፀጉሩ በቅባት የተኛ። ግራና ቀኙን አይቶ ቶሎ ቶሎ እየተራመደ ሄደ። ጥቂት ቆይታ ምህረት ወጣች። ነጠላዋን ጉንጯ ላይ ይዛለች። ዓይኗ እንባ ሞልቷል። ሶርሳ ልቡ ውስጥ አንድ ነገር ድርግም ብሎ ተዘጋ።

እሷ ቤት ስትደርስ እሱ ቀድሞ ደርሶ ቆሞ ጠበቃት።

«ማነው?»

«ማን?»

«ቦርሳ ይዞ የወጣው።»

ምህረት ባለችበት ቆመች። «ሰው አስከትለህብኝ ነው?»

«መልሺልኝ።»

«ሶርሳ፣ አሁን አልችልም። ፊቴን በጣም እያመመኝ ነው።»

«ልብሽን ነው የሚያምሽ!» አላት። ከዚያ የለቀመውን ሁሉ ዘረገፈው፤ የታመመችውን እህት፣ ሳቁን፣ መስታወቱን፣ የጓሮውን ስልክ። እሷ ልትመልስለት ስትጀምር ያቋርጣታል፤ ዝም ስትል ደግሞ ዝምታዋን ማስረጃ ያደርገዋል። ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች፣ ታቃስታለች። ማቃሰቷንም የጸጸት አደረገው። ጠዋቱ በዚህ አለቀ።

በመጨረሻ ምህረት ነጠላዋን ከጉንጯ አነሳች። «እየው» አለችው።

ከአፍንጫዋ ሥር እስከ ከንፈሯ ጠርዝ ድረስ ቆዳዋ እንደ ኖራ ነጥቷል። በነጩ ዙሪያ ወይን ጠጅ የሚመስል መስመር እንደ መረብ ተዘርግቷል።

«ሰውየው ውሽማዬ አይደለም» አለች። «መርፌ ወጊ ነው።»

ከዚያ እያቃሰተች ነገረችው። አዲስ አበባ የሄደችው የቆዳ ሐኪም ዘንድ ነበር። እህቷም አልታመመችም። ጎድጓዳውን የሚሞላ መድኃኒት ወጉላት። ያ ሐኪም ማሸጊያውን እሷ ፊት ከፈተው፣ ስሙንና የሚያበቃበትን ቀን አነበበላት፣ ከዓመት በኋላ እየሟሟ እንደሚጠፋ ነገራት። «ከተወጋሽ በኋላ ቆዳሽ ከነጣ፣ ሕመሙ ከበረታ፣ ወይም ዓይንሽ ከደበዘዘ የደም ሥር ተዘግቶ ሊሆን ይችላል፤ ያኔውኑ ነይ እንጂ ይሻለኛል ብለሽ እንዳታድሪ» ብሏት ነበር። ጎድጓዳው ሲመለስ ግን እንደገና አዲስ አበባ መሄድ ከበዳት። የፀጉር ቤቱ ባለቤት ሽታዬ ደግሞ ደውላ «ፋሲል የሚባል ዶክተር እዚሁ ይመጣል» አለቻት።

«ፋሲል መርፌውን ሞልቶት ነው የመጣው» አለች ምህረት። «ምንድን ነው ስለው ‹የኔ እህት፣ ያው ነው› አለኝ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህ ‹ለማን ልትዋቢ ነው?› ትለኛለህ ብዬ።»

ሶርሳ በእርግጥ እንደዚያ ይል ነበር።

ለማ በባጃጁ ሆስፒታል አደረሳቸው። የተቀበለቻቸው ሰብለ የምትባል ወጣት ሐኪም ናት። ነጩን ቆዳ በጣቷ ተጭና ለቀቀችው፤ ደም አልተመለሰበትም።

«መቼ ነው የተወጋሽው?»

«ጠዋት።»

«ታዲያ እስካሁን ምን ቆያችሁ?»

ምህረት ወደ ሶርሳ አላየችም። ሶርሳ ወለሉን አየ።

ሐኪሟ በሞቀ ውሃ የተነከረ ፎጣ አስያዘቻት፣ ጉንጯን ታሽላት ጀመር፣ የሚዋጥ መድኃኒትም ሰጠቻት። ከዚያ ስልኳን አነሳች። ሶርሳ ያቺ የምትጠረጥር ነፍሱ ተመለሰችበት። «ማን ጋ ነው የሚደውሉት?» አላት።

«ከኔ የበለጠ የሚያውቅ ሰው ጋ» አለች።

ይህን መልስ አልጠበቀውም። ስልኩን ስትጨርስ አስረዳቻቸው። የተወጋው ነገር የደም ሥሩን ዘግቶታል፤ ደም ያላገኘ ቆዳ ደግሞ ይሞታል። የሚሟሟው ዓይነት ከሆነ የሚያሟሟ መርፌ አለ፤ የደወለችለት ስፔሻሊስት ዘንድ አዲስ አበባ መሄድ አለባት። ሲሊኮን ወይም ዘይት ከሆነ ግን የሚያሟሟው የለም፤ ሌላ መንገድ ይፈለጋል። «ምን እንደወጋት ባውቅ እዚያ ያሉት ይዘጋጁ ነበር» አለች።

ሰውየው እንግዳ ነውና ሊሳፈር ይችላል ብለው ሶርሳና ለማ ወደ መናኸሪያ በረሩ። ፋሲልን የአርባ ምንጭ ሚኒባስ ውስጥ፣ ከሹፌሩ ጎን ተቀምጦ አገኙት። ለማ ባጃጁን ከፊት ለፊት ገተረው።

«ምንድን ነው የወጋሃት?» አለ ሶርሳ በመስኮቱ።

«አንተ ማነህ?»

«ባሏ ነኝ።»

«ወንድሜ፣ ማበጥ የተለመደ ነው። በረዶ ትያዝበት።» ከቦርሳው አንድ የሚያምር ካርቶን አውጥቶ አሳየው። «ይኸው፣ የውጭ ነው።»

ሶርሳ ካርቶኑን አገላብጦ አየው። «ይሄ አልተከፈተም» አለ። «የከፈትከውን አሳየኝ።»

ፋሲል ካርቶኑን መልሶ ወሰደ። ሹፌሩም ተሳፋሪውም ወርዶ ከበባቸው። አንዲት ሴትዮ «ሐኪም ነህ እንዴ?» አሉት። «ስልጠና ወስጃለሁ» አለ። «የት?» ሲሉት ቦርሳውን ወደ ጉያው ሳበ። ፖሊስ መጥቶ ቦርሳው ሲከፈት፣ ከጓንትና ከመርፌ ጋር ያገለገለ ብልቃጥ ተገኘ። የሚያበቃበት ቀን በምላጭ ተፍቋል። ስሙ ግን በግማሽ ይነበባል። ሐኪሟ ፎቶውን ለስፔሻሊስቱ ስትልክለት የሚሟሟው ዓይነት ሳይሆን አይቀርም፣ ፈጥና ትምጣ አላት።

በማግስቱ በአውሮፕላን ሄዱ። የሚያሟሟው መርፌ ደጋግሞ ተሰጣት። ቀስ በቀስ ደሙ ተመለሰ፣ ቆዳው ቀላ፣ መረቡ ጠፋ። ከከንፈሯ አጠገብ ያለው ጥቂት ቆዳ ግን ጠቁሮ ተላጠ፣ ጠባሳም ሆነ። የመጀመሪያው ጎድጓዳም እንደነበረ ተመለሰ። «ከዚህ ቀደም ብላችሁ ብትደርሱ ይህ ጠባሳ ላይተርፍባት ይችል ነበር» አላቸው ስፔሻሊስቱ። ማንንም ሊወቅስ ፈልጎ አልነበረም።

ወደ ጂንካ ተመለሱ። ቤት ገብተው በሩ ሲዘጋ ምህረት ወደ እሱ ዞረች።

«መርፌውን የወጋኝ እሱ ነው። ጠዋቱን የወሰድክብኝ ግን አንተ ነህ።»

ሶርሳ ራሱን ነቀነቀ። ያን ዕለት ይቅርታ አላለም። በሌላ ቀን ግን አለ፤ ሥራ ላይ ሳለ መሣሪያውን አስቀምጦ ቤት ድረስ ሄዶ። እሷም «ሰምቻለሁ» አለችው እንጂ «ይቅር ብያለሁ» አላለችም። ይቅር ማለቱ ብዙ ጊዜ ፈጀባት። ባለባጃጁን ለማን ደግሞ መንገድ ላይ ስታየው ሌላ ባጃጅ ትጠራለች።

ፋሲል ሲከሰስ ሽታዬ ቤታቸው መጥታ አለቀሰች። «ሐኪም ነኝ ብሎኝ ነው፣ እህቴ። እኔም አላወቅኩም።» ምህረት ግማሹን አመነቻት። ፍርድ ቤት ቀርባ ግን ያየችውን ሁሉ ተናገረች፣ ነጠላዋን ከፊቷ አውርዳ። ፋሲል ተፈረደበት። የሽታዬ ፀጉር ቤት ለጥቂት ወራት ታሽጎ ተከፈተ።

ባለፈው የበልግ ዝናብ ሰሞን አንዲት ወጣት ሴት ወርክሾፑ በር ላይ ቆማ ምህረትን ጠየቀች። ምህረት ለሶርሳ ምሳ ይዛ መጥታ ነበር።

«እትዬ ምህረት፣ ከንፈሬን ማስሞላት ፈልጌ ነበር። መጥፎ ነው ይላሉ?»

«መጥፎ ነው አልልሽም» አለች ምህረት። «እኔ መጀመሪያ ስሠራው ደስ ብሎኝ ነበር። ግን የሚወጋሽ ሐኪም መሆኑን አረጋግጪ። ፀጉር ቤትና ሆቴል ክፍል ውስጥ አትተኚለት። ማሸጊያውን አንቺ ፊት ይክፈተው። የደም ሥርሽ ቢዘጋ የሚያሟሟውን መድኃኒት አጠገቡ ይዞ እንደሆነ ጠይቂው። ከተቆጣ ተነሽና ውጪ።»

«ቤት ውስጥስ ልንገራቸው?»

ምህረት ሶርሳን በዓይኗ ጠቀስ አደረገችው። «ለአንድ ሰው እንኳ ንገሪ» አለች። «ክፉ ነገር ቢመጣ ሐኪም ቤት የሚያደርስሽ ሰው ያስፈልግሻል።»

ልጅቷ አመስግና ሄደች። ሶርሳ እስክትታጠፍ ድረስ በዓይኑ ሲከተላት ቆየና ወደ ሚስቱ ዞረ።

«ማን ናት? ማን ነው የላካት?» አለ።

«ኧረ በጌታ፣ ምሳህን ብላ» አለችው ምህረት።