ከመንገድ በፊት አንድ ደቂቃ

አትላንታ አጠገብ ታከር በምትባል ከተማ፣ ወላጆቼ ቤት ጋራዥ ውስጥ፣ ለአራተኛ ጊዜ ሥራና ከተማ ልቀይር ዕቃዬን ስለቃቅም የድሮው የሆኪ ሻንጣዬ ተገኘ፤ ዚፑን ስከፍተው ሃያ ዓመት ታፍኖ የኖረው የጓንት ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። እናቴ «ይሄ ነገር ቤት አይገባም» ብላ በረንዳ ላይ ታሳድረው የነበረ ሽታ ነው፤ ለእኔ ግን ኮች ስታስ ነው።

ኮች ስታስ እዚያው አትላንታ ዳር፣ ዱሉዝ ውስጥ የበረዶ ሆኪ ያሠለጠነን ቤላሩሳዊ ነበር። በአገሩ ስሙ የተጠራ ተከላካይ፣ አሜሪካ መጥቶ በየትንንሹ ከተማ ቡድን ሲንከራተት ጉልበቱ ተሰብሮ ጨዋታ ያቆመ፣ በመጨረሻም በረዶ ብርቅ በሆነባት አትላንታ የልጆች አሰልጣኝ የሆነ ሰው። ሲራመድ ያነክሳል፤ የበረዶ ጫማውን አጥልቆ ሜዳው ላይ ሲወጣ ግን ማነከሱ የት እንደሚገባ እንጃ፣ ከሐምሌ ሙቀት የገባነው ልጆች ጥርሳችን ሲንገጫገጭ እሱ ወደ ኋላ እየተንሸራተተ ይስቅብናል።

ሌላ ከተማ ለመጫወት ከመነሳታችን በፊት ሁላችንንም በየሻንጣችን ላይ ያስቀምጠናል፤ አንድ ደቂቃ፣ ዝም ብሎ። ሳይቀመጥ የተነሳ መንገደኛ አይቀናውም ይላሉ በአገሩ። አንዱ ከተነቃነቀ ወይም ካወራ ቆጠራው ከአንድ ይጀምራል። የምነቃነቀው ሁልጊዜ እኔ ነበርኩ፤ እሾህ ላይ የተቀመጥኩ ይመስል አንድ ቦታ መርጋት አልችልም፤ ጓደኞቼም ረግመው አይጠግቡኝም።

አሥራ አራት ዓመቴ ላይ አንድ የአገሩ ቡድን ለአሰልጣኝነት ጠራው። አባቴ ኤርፖርት ሊያደርሰው ስለነበር ቤታችን መጥቶ ምሳ በላ፤ ተሰናብቶን በር ላይ ሲደርስ ሻንጣው ላይ ቁጭ አለና ወደ እኔ አየ። ምን እንደፈለገ ገብቶኛል፤ አጠገቡ እንድቀመጥ ነው። ጥሎኝ ስለሚሄድ ግን አኩርፌ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ።

እናቴ እንግዳ በር ላይ ሲቀመጥባት ሳይጠግብ የሸኘችው መስሏት ደነገጠች፤ ሳህን ይዛ መጣች፤ «በሞቴ» ብላ አጎረሰችው። ጉርሻውን ዋጠና እንደገና ተቀመጠ። እንደገና አመጣች። በሦስተኛው አባቴ ሰዓቱን እያየ «ፍላይቱን ሚስ ሊያደርግ ነው፣ ተይው እንጂ» አላት። የእኔ አንድ ቃል ይበቃ ነበር፤ አልተናገርኩም። ደቂቃው ሳይሞላለት፣ አፉ ሙሉ እንደሆነ እያነከሰ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ወሬውን አልሰማሁም፤ መንገዱ ቀንቶት ይሁን አይሁን አላውቅም። ይቆጨኛል።

ዛሬ የድሮውን ሻንጣ በር ላይ አጋድሜ ተቀመጥኩበት። እናቴ፣ አሁን ጉልበቷን የሚያማት፣ ከወጥ ቤት ብቅ አለች።

«ምነው ተቀመጥሽ? ራበሽ?»

ነገርኳት፤ የአንድ ደቂቃውን ነገር፣ ያን ቀን እያወቅሁ ዝም ማለቴን። ቀስ ብላ አጠገቤ ተቀመጠች። በልቤ መቁጠር ጀመርኩ፤ አርባ ላይ ስደርስ፣

«ብትነግሪኝ ኖሮ እኮ» አለች፣ «እኔም አብሬው እቀመጥ ነበር።»

ከአንድ ጀመርኩ።