ዳር ላይ የነበረችው ተምር

የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ ሲል ከአዲስ አበባ ተቆጣጣሪ ይመጣል ተባለ። ካለፍኩ አስተማሪነቴ ይጸናል፤ ከወደቅሁ ከድሬዳዋ ወጥቼ ሐረር አጎቴ ሱቅ ጨርቅ መለካት ነው። አባቴ ቁርጡን ነግሮኛል። እኔ ደግሞ ጨርቅ መለካት ሞቴ ነው።

የዕለቱ ትምህርት የአቶም አሠራር ነበር። ትምህርት ቤታችን ከጥቁር ሰሌዳ በቀር መሣሪያ የሚባል ነገር ስላልነበረው ከቀፊራ ገበያ ሎሚ፣ ቀይ ሽንኩርትና ተምር ገዝቼ ሊቲየምን ሠራሁ። መሐል ላይ ሦስት ሎሚ ለፕሮቶን፣ አራት ሽንኩርት ለኒውትሮን አንድ ላይ አሰርኩ። ዙሪያውን በሁለት የሽቦ ቀለበቶች ላይ ሦስት ተምር ሰካሁ። እነዚህ ኤሌክትሮኖች ናቸው፤ ሁለቱ ቀረብ ብለው፣ ሦስተኛዋ ብቻዋን ዳር ላይ። ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬው ከልጆቹ ጋር ለባንዲራ ወጣሁ።

ስንመለስ ተቆጣጣሪው፣ ጠና ያሉ ባለ ክራቫት፣ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው ጠበቁን። ከባቡር ጣቢያ በቀጥታ ነው የመጡት። እጅ ነሥቼ ጀመርኩ። "ሦስት ፕሮቶን፣ ሦስት ኤሌክትሮን፤ ፖዘቲቩና ኔጌቲቩ እኩል ነው" ብዬ ወደ አቶሙ ብዞር ዳር ያለችው ተምር የለችም። ባዶ ሽቦ!

ደሜ ፈላ። ተቆጣጣሪ መኖሩንም ረስቼ "ማነው የበላት?" ብዬ ጮህኩ።

ከፊት የተቀመጠችው ልጅ እንባዋ መጣ። "ወላሂ ሚስ፣ ሮመዳን እኮ ነው! ጾመኛ ነን!"

እውነቷን ነው። የማይጾሙት ጥቂት ልጆችም አብረውኝ ባንዲራ ሥር ነበሩ። አፈርኩ።

ከኋላ ሳል ተሰማ። ተቆጣጣሪው ተነሥተው መዳፋቸውን ከፈቱ፤ የተበላችውን ተምር ዘር ይዘዋል። "ልጆቹን አትቆጪ። ቁርስ አልቀመስኩም ነበር፤ ብቻዋን ዳር ላይ ሳያት እጄ አላርፍ አለኝ።"

አለቀልኝ አልኩ። ግን አፌ ቀደመኝ። "እሷ እኮ ናት በቀላሉ የምትወሰደው" አልኩና ወደ ልጆቹ ዞርኩ። "አሁን ሦስት ፕሮቶን፣ ሁለት ኤሌክትሮን። አቶሙ ምን ሆነ?"

"ፖዘቲቭ!" አሉ ባንድ ድምፅ።

ያቺው ልጅ እንባዋን እየጠረገች "ጋሼ ደግሞ ኔጌቲቭ ሆኑ" አለች።

ተቆጣጣሪው ክራቫታቸው እስኪዛነፍ ሳቁ። ደወሉ ሲደወል በሩ ላይ ቆም አሉና፣ "የዛሬ ዓመት ስመጣ ዳሩ ላይ ብዙ ተምር ያለው አቶም ሥሪልኝ" አሉኝ።

የዛሬ ዓመት! ወንበሬ ላይ ዘጭ አልኩ። እንዲህ ያለ እፎይታ አይቼ አላውቅም።

ቤት ስገባ አባቴ ደጃፍ ላይ ነበር። ሳይጠይቀኝ፣ "አባባ፣ ለአጎቴ ሌላ ጨርቅ ለኪ ይፈለግለት" አልኩት።