የበር ሠሪው ደረት

በር ሠሪው ከታናሽ ወንድሙ ጋር ብየዳ ቤት ከከፈተ ሃያ ዓመት አልፎታል። የብረት በር ብቻውን ተሸክሞ የሚሄድ ሰውዬ ነው። እንግዲህ እንዲህ ያለ ወንድ ጡቱ ሥር እብጠት ቢያገኝ ለማን አቤት ይላል?

«በር ሳነሳ ጠርዙ መትቶኝ ነው» አለና ሰባት ወር ሙሉ ቅባት ሲያሽበት ከረመ። እብጠቱ አያመውም፤ የማያምም ነገር ደግሞ ማን ይጠረጥራል! የጡቱ ጫፍ ወደ ውስጥ ሲሰረጉድ ግን ሚስቱ አየችው። «ዛሬ ሐኪም ቤት ካልሄድክ ከእኔ ጋር አንተዋወቅም!» አለች። እሷ ደግሞ አንዴ ካለች አለች ነው።

ሐኪሟ ናሙና አስመርምራ «የጡት ካንሰር ነው» ስትለው ሳቁ ሊያመልጠው ምንም አልቀረው።

«ዶክተር፣ እኔ እኮ ወንድ ነኝ!»

«ወንድ ልጅም ጡት አለው። ብዙ ጊዜ ካንሰሩ አይይዘውም፤ ሲይዘው ግን አፍሮ ይደብቀውና ይብስበታል። ምት ደግሞ ካንሰር አያመጣም። እናትዎ በምን ሞቱ?»

እናቱ በጡታቸው ታመው ነበር የሞቱት። አክስቱም እንደዚያው።

«በዘር የመጣ ሊሆን ይችላል» አለች። «አይዞዎት፣ ይታከማል። ቀዶ ሕክምና፣ ኬሞ፣ ከዚያ ለዓመታት የሚዋጥ ኪኒን አለ። ወንድም ካለዎት ግን ይንገሩት፤ እሱም ይመርመር።»

በር ሠሪው ቀዶ ሕክምናውን ሲሰማ ምንም አልመሰለው፤ ይቺን «ለወንድምዎ ይንገሩት» የምትለዋን ሲሰማ ግን ላብ አጠመቀው። ታናሽየው አፉ አያርፍም፣ በሰው ማላገጥ እንጀራው ነው። ስለዚህ ቀዶ ሕክምናው ተሠርቶለት ሲወጣ «ሄርኒያ ነው ያስወጣሁት» ብሎ ዋሸው። ሐኪሟ በየቀጠሮው «ነገሩት?» ትለዋለች፤ እሱ ጣራ ጣራ ያያል። በአራተኛው ቀጠሮ ትዕግሥቷ አለቀ።

«ኀፍረትዎ ወንድምዎን እንዳይገድልብዎ!»

በር ሠሪው በቀጥታ ወደ ሥራ ቤቱ ሄዶ ወንድሙ የያዘውን የብረት መቁረጫ አጠፋበት።

«ምነው ጋሼ፣ መብራት ሄደ እንዴ?»

በር ሠሪው ሸሚዙን አውልቆ ጠባሳውን አሳየው።

«ሄርኒያ አይደለም። እማዬን የገደላት በሽታ ነው፣ የጡት ካንሰር። መሳቅ ከፈለግክ ሳቅ፤ ግን ትመረመራለህ!»

ታናሽየው አልሳቀም። ጓንቱን አወለቀ፣ የቱታውን ዚፕ ወደታች ሳበና የወንድሙን እጅ ይዞ ከግራ ጡቱ ሥር አስቀመጠው። ሽምብራ የምታክል ጠጣር ነገር ነበረች።

«ሁለት ወሯ ነው» አለ አንገቱን ደፍቶ። «ትስቅብኛለህ ብዬ ነው የደበቅኩህ።»

«አንተ የማትረባ!» አለው፤ ተናዶም ደንግጦም። ሥራ ቤቱን እንኳ ሳይቆልፉ ሄዱ።

ሐኪሟ ዳሰሰችው። «ምን እንደሆነች ናሙናው ይነግረናል። የሆነችውን ብትሆን ግን ገና ትንሽ ናት፤ በደህና ጊዜ ነው የደረሱት» አለች።

በር ሠሪው ተራ የሚጠብቁ ሴቶች በሞሉበት ኮሪደር ላይ ወንድሙን አንገቱን አቅፎ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ፤ ማን እንዳየው ዞር ብሎም አላየ።