በሦስተኛው የያዘ ፍሬን

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ አልነገርኋቸውም። ፊታቸው ተንበርክኬ ሐሜቴን ዘርዝሬያለሁ፣ ቁጣዬን ዘርዝሬያለሁ፣ ጾም መግደፌንም አልደበቅሁም። ይህ ግን ምላሴ ላይ ሲደርስ መልሼ እውጠዋለሁ። እናንተ ፊቴን አታዩትም፤ ምናልባት ለእናንተ መንገሩ ይቀለኝ ይሆናል። ሊቀለኝ ይገባል ወይ? እሱን እንጃ። ብቻ ስሙኝ።

ወረታ ተወልጄ ወረታ ያደግሁ ሴት ነኝ። ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም፤ እጄ ግን ሥራ አይፈራም። የውኃ መሳቢያ ሞተር ፈትቼ ገጥሜያለሁ፣ የሩዝ መፈልፈያ ቺንጋ ቀይሬያለሁ። ማን አስተማረሽ ሲሉኝ "ዓይኔ" እል ነበር። ኋላ ስልክ መጣና ቪዲዮ ማየት ጀመርሁ፤ ቋንቋውን ባልሰማም የሰውየውን እጅ እያየሁ እማራለሁ። በዚህ እኮራ ነበር። አዎ፣ ከኩራቱ ነው የምጀምርላችሁ፤ ነገሩ ሁሉ የመጣው ከዚያ ነውና።

ታናሽ ወንድሜ ሙሉቀን ያገለገለ ሃይብሪድ መኪና ገዝቶ ሰው ያመላልስበታል፤ አንዴ አንበሳሜ፣ አንዴ ወንዛዬ ፍል ውኃ። በቤንዚንም በባትሪም የሚሄድ መኪና ነው። ሲነሣ ድምፅ የለውም፤ እንደ ድመት ነው የሚራመድ። ፍሬኑም እንደ ሌላው አይደለም። ፍጥነቱን አብዛኛውን የባትሪው ሞተር ስለሚይዘው የፍሬኑ ሸራ ቶሎ አያልቅም። ቶሎ ስለማያልቅ ደግሞ ማንም ከፍቶ አያየውም። የፎገራ ጭቃ ግን ክረምቱን ሁሉ ይገባል፣ ያዝጋል።

ኅዳር ላይ ፍሬኑ መፋጨት ጀመረ። ሙሉቀን ባሕር ዳር ጋራዥ ልውሰደው ሲል "አንተ ሸራውን ብቻ ግዛልኝ፣ እኔ እዚሁ ደጃችን እቀይረዋለሁ" አልሁት። እኔ ነኝ ያልሁት፤ ማንም አልለመነኝም።

ይህ መኪና ገና በሩ ሲከፈት ፍሬኑን ራሱ ያዘጋጃል፤ ከሆዱ "ጥዝዝ" የሚል ድምፅ ይሰማል። ጎማውና ሸራው ወጥቶ ሳለ ያን ካደረገ ሸራውን የሚያጣብቀውን ፒስተን ገፍቶ ያወጣዋል፣ ጣትም ያጠፋል። ስለዚህ ባትሪውን ነቀልሁ፣ ቁልፉን መቀነቴ ውስጥ ቋጠርሁ፣ ፔዳሉን ማንም እንዳይነካ በሩን ዘጋሁ። ለዚህ ሁሉ የተጠነቀቀች ሴት ያችን አንዲት ነገር እንዴት ረሳች? ሺ ጊዜ ጠይቄያታለሁ ራሴን።

በክሪክ አንሥቼ ጎማውን ፈታሁ። ሸራዎቹን የሚያቅፈው ብረት የሚንሸራተትባት፣ ጣት የምታህል ዘንግ አለች፤ እሷ ዝጋ እምቢ አለችኝ። በመዶሻ ስመታት ወጣች፣ ግን ጎበጠች። ምትክ ወረታ ውስጥ አልተገኘም። ይዣት ወደ አያ ታደለ ሄድሁ።

አያ ታደለ ማረሻና ማጭድ የሚሠሩ ሽማግሌ ናቸው። የሠፈራችን ሩዝ የሚታጨደው በሳቸው ማጭድ ነበር። አገሬው ግን ማጭዱን ይወስዳል እንጂ ቤታቸው እህል አይቀምስም፤ የብረት ሠሪ ዓይን ሰው ይበላል እያለ። እኔ እንዲህ ያለውን አላምንም እያልሁ አወራ ነበር። ባለቤታቸው ጠላ ቀድተው ሲያቀርቡልኝ ግን "ቸኩያለሁ" ብዬ ሳልቀመጥ ቀረሁ። አልቸኮልሁም ነበር።

አያ ታደለ ዘንጊቱን ቀስ እያሉ አቀኗት፣ በአሸዋ ወረቀት አለሰለሷት፣ ክር ወጥረው ሦስት ጊዜ አዩዋት።

"ልጄ፣ ማረሻ ቢሰበር በሬው ይቆማል። ይች ብትሰበር ምኑ ይቆማል?" አሉኝ።

"ምነው አያ ታደለ፣ ሊያስፈራሩኝ ነው?"

"አንችን ማን ያስፈራሻል? መኪናው ራሱ አንችን ፈርቶ እኮ ነው ድምፁን ያጠፋ!" ብለው ሳቁ።

ተመልሼ ገጠምሁ። አዲሱ ሸራ ወፍራም ስለሆነ ፒስተኑን ወደ ውስጥ ገፍቼ ቦታ አስለቀቅሁት፤ ባትሪውንም መለስሁ። ከዚያ የቀረኝ አንድ ነገር ነበር፦ መኪናው ከቆመበት ሳይነቃነቅ ፔዳሉን እስኪጠነክር ደጋግሞ መርገጥ። በሩ ሲከፈት ራሱ የሚያዘጋጀው ብቻውን አይበቃም፤ ፒስተኑ ተመልሶ ሸራውን እስኪነካ ድረስ ፍሬን የሚባል ነገር የለም። ይህን አላወቅሁም እንዳልል አውቀዋለሁ። ሰውየው በቪዲዮው ሲረግጥ አራት ጊዜ መላልሼ አይቼዋለሁ።

ግን ጎረቤት ተሰብስቦ ነበር። እማማ ብርቄ፣ ከደጃችን ማዶ መንገድ ዳር ሩዛቸውን አስጥተው ወፍ የሚጠብቁት፣ "እሰይ የኔ አንበሳ! እንግዲህ ወንዱ ቀሚስ ይልበስ!" ብለው እልል አሉልኝ። እኔ እጄን በጨርቅ እየጠረግሁ እስቃለሁ። ሙሉቀን መጣና "እታለም፣ አለቀ? ሰው እየጠበቀኝ ነው" አለ።

"አልቋል፤ ሂድ" አልሁት።

አልቋል አልሁ። አላለቀም ነበር።

ግቢያችን የክረምቱ ውኃ እንዳይገባበት በአፈር ተደልድሎ ከመንገዱ ከፍ ያለ ነው፤ ከበሩ ወደ መንገዱ ቁልቁለት ነው። መኪናው ያለ ድምፅ ወረደ። እማማ ብርቄ ወደ ሩዛቸው ተመልሰው፣ ጀርባቸውን ሰጥተው በእግራቸው ያገላብጡታል። ምን ሰምተው ይሽሹ? ሙሉቀን ሲረግጥ እግሩ ወለል ነካ። ደግሞ ረገጠ፣ ወለል ነካ። በሦስተኛው ያዘ። በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል እማማ ብርቄ ነበሩ።

ዳሌያቸው ተሰበረ። ሰው ተንጋግቶ መጣ። ሙሉቀን "ረገጥሁት እኮ! ረገጥሁት! በሦስተኛው ነው የያዘ!" ይላል። በሦስተኛው ሲል ወዲያው ገባኝ። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል የገባው ለእኔ ብቻ ነው።

"መኪናውን ማን ነካው?" አለ አንዱ።

ዓይን ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እኔም አፌን ከፍቼ "አንዷን ብረት አያ ታደለ ናቸው ያቀኗት" አልሁ።

ውሸት ነው ትሉኛላችሁ? ውሸት የለበትም፤ የከፋውም ለዚያ ነው። ከዚያ ወዲያ እኔ አንዲት ቃል አልጨመርሁም፤ ሌላው ጨመረልኝ።

"አሃ! እሱ ነክቶት ነዋ!"

"ዓይኑ ነው! ብረት ብረት ምን ትላላችሁ?"

"ያንን ጥጃዬን ያየ ቀን አላልኋችሁም?"

ዝም አልሁ። እማማ ብርቄን በቃሬዛ ሲያነሡ ዝም አልሁ። በማግስቱ ማጭድ ያዘዘው ሁሉ ሲቀር ዝም አልሁ። ልጆች በአያ ታደለ ደጅ ሲያልፉ ፊታቸውን በነጠላ ሲሸፍኑ እያየሁ ዝም አልሁ። ፋሲካ ሳይደርስ ባልና ሚስት ወናፋቸውን በአህያ ጭነው ወደ አንበሳሜ ሲሄዱ፣ በመስኮት አየኋቸውና መጋረጃውን ለቀቅሁት።

እማማ ብርቄ ዛሬ በምርኩዝ ነው የሚሄዱት። ሲያገኙኝ "አንች ምን በወጣሽ! የዚያ ሰውዬ ዓይን ነው" ብለው ጉንጬን ይስሙኛል። የሳሙኝን ቦታ ስንቴ ታጥቤዋለሁ! ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ቀኝ እግሬ ብቻውን ወለሉን ይረግጣል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አጠገቤ ያሉት ብርድ ይመስላቸዋል።

አምና ጉልበቴን አሞኝ ወንዛዬ ፍል ውኃ ወረድሁ። አያ ታደለ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ ከስተዋል። ልሸሽ ስል ጠሩኝ። ጤናዬን ጠየቁኝ፣ የሙሉቀንን ጠየቁኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ ልጄ። ያች ዘንግ ተሰብራ ነበር ወይስ ጎብጣ? ሳስበው እኖራለሁ። ከዚያ ወዲህ መዶሻ አላነሣሁም፤ እጄን አላምነው አልሁ።"

እኔ ሰው የጠላቸው፣ አገር ያሳደዳቸው መስሎኝ ነበር። ለካስ እጃቸውንም ቀምቻቸዋለሁ! እውነቱ አንድ ቃል ነበር። ዘንጊቱ አልተሰበረችም፣ አልጎበጠችም፤ ዛሬም መኪናው ላይ ናት፣ በየዓመቱ ፈትቼ ግራሶ የምቀባት እኔው ነኝ። አያ ታደለ ዓይን ዓይኔን እያዩኝ ይጠብቃሉ።

"እኔ እንጃ፣ አያ ታደለ" አልኋቸው።

እንጃ! ከመጀመሪያው ይልቅ ይህ ነው የሚያባንነኝ። ያኔ ሕዝብ ከብቦኝ ነበር። ወንዛዬ ማን ከበበኝ?

ይህን ጽፌ ስጨርስ መጀመሪያ ለሙሉቀን አነብለታለሁ፤ ከዚያ እማማ ብርቄ ዘንድ እገባለሁ፤ ከዚያ አንበሳሜ። ይቅርታ የምለምነው እነሱን ነው፤ ቢነሡኝም አልከራከርም። እናንተን የምለምናችሁ ሌላ ነው። አንብባችሁ ስታበቁ "ምስኪን፣ ደንግጣ ነው" እንዳትሉኝ። የደነገጥሁት አንድ ቀን ነው። ዝም ያልሁት አምስት ዓመት ነው።